ልብ ሲሠራ ማየት፦ የደም ቧንቧ ጥበትን የሚያጋልጠው የእንቅስቃሴ ምርመራ

ዳገት ሲወጣ ደረቱን መሃል ላይ የሚያፍነው፣ ቆም ሲል ደግሞ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚለቀው ሰው አለ። ሐኪም ቤት ይሄዳል፤ አልጋ ላይ አስተኝተው ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚመዘግብ ምርመራ) ያነሡታል። ወረቀቱ ንጹሕ ነው። «ልብህ ደህና ነው፣ ጨጓራ ሳይሆን አይቀርም» ይባልና የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። እኛ አገር ከእምብርት በላይ ያለ ሕመም ሁሉ «ጨጓራ» የሚል ስም ስለሚወጣለት እሱም አምኖ ይቀበላል። ወሩ አልቆ ዳገቱን ሲጀምር ማፈኑ እዚያው ቦታ ላይ ይጠብቀዋል። ሰውየው የሚያመው ሲራመድ ሆኖ ሳለ የተመረመረው ተኝቶ ነው።

ከምግብ ይልቅ ከእርምጃ ጋር የሚመጣና በእረፍት የሚሄድ የደረት መታፈን ወይም መክበድ፣ አንዳንዴም ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ክንድ የሚዘልቅ ሕመም፣ የልብ ደም ቧንቧ መጥበብን ያስጠረጥራል። ስኳር ያለባቸው፣ ሴቶችና በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዘንድ ደግሞ ሕመሙ ደብዝዞ የትንፋሽ ማጠርና ድካም ብቻ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እነዚህን ሰዎች መመርመር የሚገባን ልባቸው ሥራ ላይ ሳለ ነው። በሕክምናው ቋንቋ «ስትረስ ቴስት» የሚባለው ይህ ነው፤ በኤኮ (በልብ አልትራሳውንድ)፣ በኒውክሌር ካሜራ ወይም በኤምአርአይ ምስል ሲታገዝ ደግሞ ጥበቱ የልብን የትኛውን ክፍል እንደሚያስርብና ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያሳያል።

ተኝቶ ለምን አይታይም?

የልብ ጡንቻ በውስጡ የሚያልፈው ደም ሁሉ አይጠቅመውም። የራሱን ቀለብ የሚያገኘው ከአኦርታ (ከልብ ከሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ) ሥር ከሚነሡ ኮሮናሪ ከሚባሉ ሁለት ቧንቧዎች፣ ከግራውና ከቀኙ ነው። የግራው ብዙም ሳይርቅ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ በልብ ፊት ለፊት ቁልቁል ይወርዳል፣ ሌላው በግራ ጎን አድርጎ ወደ ኋላ ይዞራል። የቀኙ ቀኝ ልብንና በአብዛኛው ሰው የልብን የታችኛውን ግድግዳ ይመግባል። ሐኪሞች «ሦስቱ ቧንቧዎች» የሚሉት እነዚህን ነው። በእረፍት ጊዜ ሁሉም ተደምረው በደቂቃ ሩብ ሊትር ገደማ ደም ያሳልፋሉ።

የልብ ጡንቻ ከእግርና ከእጅ ጡንቻ የሚለይበት ጠባይ አለው። የእግር ጡንቻ ሥራ ሲበዛበት ከሚደርሰው ደም ውስጥ ተጨማሪ ኦክስጅን መጥጦ ማውጣት ይችላል። ልብ ግን ገና በእረፍት ሳለ ከሚደርሰው ኦክስጅን ሦስት አራተኛ ያህሉን ወስዶታል። ስለዚህ ሥራ ሲጨምርበት ያለው መንገድ ብዙ ደም ማስመጣት ብቻ ነው። ጤናማ ቧንቧ ይህን አያቅተውም፤ ፍሰቱን ከእረፍቱ ወደ አራት እጥፍ ማሳደግ ይችላል።

ቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ስብ ተከማችቶ መተላለፊያው ሲጠብ፣ ከጥበቱ በታች ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ራሳቸውን ከፍተው ጉድለቱን ይሸፍናሉ። አሜሪካዊው የልብ ሐኪም ላንስ ጉልድ በ1974 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው በውሾች ላይ የተደረገ ጥናት ይህን በቁጥር አሳየ። የቧንቧው ስፋት በግማሽ ገደማ ሲጠብ ከፍተኛው ፍሰት መውረድ ይጀምራል፤ የእረፍቱ ፍሰት ግን እስከ 85 በመቶ ጥበት ገደማ ድረስ ሳይነካ ይቆያል። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ሰው ነው አልጋ ላይ ጤነኛ፣ ዳገት ላይ ታማሚ የሚሆነው። ጥቃቅኖቹ ሥሮች ቁጭ ባለበት ሳሉ የመጨረሻውን ያህል ተከፍተዋል፤ ሥራ ሲመጣ የሚጨምሩት የላቸውም።

ሌላም ነገር ይጨመርበታል። የግራው የልብ ክፍል ደሙን በብዛት የሚቀበለው በሁለት ምቶች መካከል ሲላላ ነው። ልብ ሲፈጥን ይህ የመላላት ጊዜ ያጥራል። ፍላጎቱ በጨመረበት ሰዓት የመቀበያው ጊዜ አነሰ ማለት ነው።

ደም ሲያጥር ጉዳቱ በአንድ ጊዜ አይገለጥም፤ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ በጠበበው ቧንቧ የሚመገበው ክፍል ከጎረቤቱ ያነሰ ደም ያገኛል። ቀጥሎ ያ ክፍል እንደ ልቡ መላላት ያቅተዋል፤ ከዚያ መኮማተሩ ይዳከማል። ኢሲጂው የሚለወጠው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የደረት ሕመም ደግሞ የመጨረሻው ነው፤ አንዳንድ ሰው ላይ ጭራሽ አይመጣም። ኢሲጂ ብቻውን የሚጠብቀው ሰልፉ ጫፍ ላይ ያለውን ምልክት ሲሆን፣ ኤኮ መኮማተሩን፣ የኒውክሌር ካሜራ ደግሞ የደም ስርጭቱን ከሥር ይይዛል። ምስል የሚጨምረው ጥቅም ከዚህ ይመነጫል።

መሮጫው ላይ

ልብን አሠርቶ መመርመር አዲስ ሐሳብ አይደለም። አርተር ማስተር የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም በ1929 በሽተኞቹን ሁለት ደረጃ ያላት መወጣጫ እያስወጣና እያስወረደ ይመረምር ነበር። ዛሬ በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚሠራበትን የመሮጫ ማሽን አካሄድ ያስተዋወቀው ግን በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የልብ ሐኪም የነበረው ሮበርት ብሩስ ነው፤ ዘመኑ 1963 ነው። የብሩስ አካሄድ በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር ፍጥነትና በ10 በመቶ ዳገት ይጀምራል፤ ቀስ ያለ እርምጃ ነው። በየ3 ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል፤ ሁለተኛው ደረጃ 4 ኪሎ ሜትር በ12 በመቶ፣ ሦስተኛው 5.5 ኪሎ ሜትር በ14 በመቶ ነው። ሦስተኛውን ደረጃ ጨርሶ የወረደ የስድሳ ዓመት ሰው ጥሩ አቅም አለው ማለት ይቻላል።

የሚፈለገው የልብ ምት ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ ከሚገኘው 85 በመቶ ነው። ለ60 ዓመት ሰው 160 ሲባዛ በ0.85፣ ማለትም 136 ምት በደቂቃ። እዚያ ሳይደርስ የወረደ ሰው «ምንም አልተገኘብህም» ቢባል ዋጋው ትንሽ ነው፤ ልቡ ገና የሚፈተንበት ደረጃ ላይ አልደረሰምና። የልብ ምትን ዝቅ የሚያደርጉ እንደ አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉ መድኃኒቶች የሚወስዱ ሰዎች ለዚህ ነው ከምርመራው አንድ ሁለት ቀን በፊት አቁሙ ሊባሉ የሚችሉት። ይህን የሚወስነው ግን ምርመራውን ያዘዘው ሐኪም ነው። በራስ ፈቃድ ድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ደግሞም አንዳንዴ ሐኪሙ መድኃኒቱ ሥራውን እየሠራ መሆኑን ለማየት ሆን ብሎ እንዳይቆም ያደርጋል።

ሰዎች ምርመራው ራሱ እንዳይገድላቸው ይፈራሉ፤ ፍርሃቱ ሊናቅ አይገባም። በአግባቡ ተመርጠው በሚመረመሩ ሰዎች ላይ ከባድ አደጋ የሚደርሰው ከ10,000 ምርመራ በአንዱ ገደማ ነው። ክፍሉ ውስጥ የልብ ማስነሻ መሣሪያ፣ መድኃኒትና ሐኪም የሚኖሩት ለዚያ ለአንዱ ነው። ደም ግፊቱ በመጨመር ፈንታ ከወረደ፣ ሕመሙ ከበረታ ወይም የልብ ምቱ ከተዛባ ማሽኑ ወዲያው ይቆማል። አደጋው የሚበዛው መመርመር የሌለበት ሰው ሲመረመር ነው። ቁጭ ባለበት ወይም ተኝቶ ሳለ ደረቱን የሚያፍነው፣ ሕመሙ በቅርቡ የጀመረው ወይም ከቀን ወደ ቀን የባሰበት ሰው ቀጠሮ ይዞ መሮጫ ላይ መውጣት የለበትም፤ ድንገተኛ ክፍል ነው መሄድ ያለበት።

እኛ አገር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያሻል። በልጅነት ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በሮችን የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም በኢትዮጵያ ብዙ ሰው ላይ አለ። የልብ በር ክፉኛ ጠቦ ሳለ፣ በተለይ ወደ አኦርታ የሚወስደው፣ ሰውን ማስሮጥ ራስን ሊያስት፣ ከዚያም የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ ልብ ላይ የሚሰማ ያልተለመደ ድምፅ ካለ መሮጫው ከመነሳቱ በፊት ተራ ኤኮ መታየት አለበት። ይህ ቅንጦት አይደለም፤ እኔ ብሆን ሳላየው አላስሮጥም።

ኤኮ፦ ስድሳ ሰከንድ ውስጥ የሚያልቅ ሥራ

ኤኮ ማለት የልብ አልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፣ መርፌም ብዙ ጊዜ አያስፈልገውም። ስዊድን ሉንድ ውስጥ ኢንገ ኤድለርና ሄልሙት ሄርትዝ በ1953 ከጀመሩት በኋላ፣ ሰውን አሠርቶ በኤኮ የማየቱን ዘዴ ያጎለበተው በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሃርቪ ፋይገንባም ቡድን ነው፤ የመጀመሪያ ሥራቸውን በ1979 አሳትመዋል።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ የሚያስቸግረው ሰዓቱ ነው። መጀመሪያ በእረፍት የልብ ምስል ከአራት አቅጣጫ ይነሣል። ከዚያ ሰውየው መሮጫ ላይ ይወጣል። በቃኝ እስኪል ወይም ምልክት እስኪመጣ ይሄዳል። ማሽኑ እንደቆመ ቀዝቀዝ የሚልበት፣ ውኃ የሚጠጣበት ጊዜ አይሰጠውም። ላቡ እየወረደ፣ ሽቦዎቹ ደረቱ ላይ እንደተንጠለጠሉ፣ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ወዳለችው አልጋ ይወሰድና በግራ ጎኑ ይጋደማል፤ ግራ እጁን ከራሱ በታች ያደርጋል። ባለሙያዋ ቀዝቃዛውን ጄል ቀብታ መመልከቻውን የጎድን አጥንቱ መሃል ትሰካለች። «ይተንፍሱ… ያስወጡ… እዚያው ያዙ!» ሳንባው አየር ሲሞላ ልብን ስለሚሸፍን ምስሉ የሚገኘው ትንፋሽ ወጥቶ በተያዘበት ቅጽበት ነው። አራቱም አቅጣጫ ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ውስጥ መያዝ አለበት። ከዚያ ካለፈ የልብ ምቱ ይወርዳል፤ የተዳከመው ግድግዳም ያገግምና ማስረጃው ይጠፋል። ለዚህ ነው ባለሙያዋ ስትቆጣ የምትመስለው፤ እየተሽቀዳደመች ነው።

ከዚያ የእረፍቱና የሥራው ምስል ጎን ለጎን ተደርጎ ይታያል። ጤናማ ልብ ከሥራ በኋላ ግድግዳው በሁሉም በኩል ይወፍራል፣ ውስጡ ይጠባል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። በእረፍት ደህና የነበረ ግድግዳ ከሥራ በኋላ ከጎረቤቶቹ ወደ ኋላ ከቀረ ግን እዚያ የሚደርሰው ደም አንሷል። የፊተኛው ግድግዳና የልብ ጫፍ ከሆነ በፊት የሚወርደው ቧንቧ ይጠረጠራል፤ የታችኛው ከሆነ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቀኙ። ልብ በሙሉ በመጥበብ ፈንታ ከሰፋ ሐኪሙን በጣም ያሳስበዋል፤ ከአንድ በላይ ቧንቧ ወይም ዋናው የግራ ቧንቧ መያዙን ሊያመለክት ይችላልና።

ድክመቱም መነገር አለበት። የኤኮ ጥራት የሚያነሣውን እጅና የሚያነበውን ዓይን ያህል ነው። ወፍራም ሰው ላይ ወይም የከረመ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው ላይ ምስሉ ሊደበዝዝ ይችላል፤ ያኔ በደም ሥር የሚሰጡ ጥቃቅን አረፋዎች ያሉት ፈሳሽ የልብን ውስጥ አጉልቶ ያሳያል።

የኒውክሌር ካሜራ

አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን «ኒውክሌር ስትረስ ቴስት» ታዞልኛል ብለው ሲደነግጡ ይሰማል። ቃሉ ያስፈራል፤ አሠራሩ ግን እንዲህ ነው። ሰውየው መሮጫው ላይ ከፍተኛ አቅሙ ላይ ሲደርስ በደም ሥሩ ትንሽ ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ይሰጠዋል፤ አንድ ደቂቃ ያህል መሄዱን ይቀጥላል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ቴክኒሺየም 99ኤም (99m) ከሴስታሚቢ ወይም ከመሰል ንጥረ ነገር ጋር ተጣምሮ ነው። ንጥረ ነገሩ ደም በደረሰበት ልክ የልብ ጡንቻ ሕዋስ ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀመጣል። ካሜራው የሚያነሣው ከብዙ ደቂቃ በኋላ ቢሆንም፣ ምስሉ የሚያሳየው መርፌው በተወጋበት ሰዓት የነበረውን የደም ስርጭት ነው። እንደ ኤኮ የሚያጣድፍ ነገር የለበትም።

ሌላ ምስል ደግሞ በእረፍት ይነሣል። በሥራ ጊዜ ጠቁሮ በእረፍት የሚበራ ክፍል ደም የሚያጥረው ሕያው ጡንቻ ነው። በሁለቱም ላይ የጠቆረ ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ ያለፈ የልብ ጥቃት ጠባሳ ነው። የሥራው ምስል ሙሉ በሙሉ ደህና ከሆነ የእረፍቱን መተው ይቻላል፤ ጨረሩም ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደመሩ የጨረሩ መጠን በአብዛኛው 10 ሚሊሲቨርት አካባቢ ነው፤ በአዳዲሶቹ ካሜራዎች ከዚያ ያንሳል። ይህ ለታማሚ ሰው የሚያስፈራ መጠን አይደለም፤ ያለ ምልክት በየዓመቱ የሚደጋገም ግን መሆን የለበትም። እርጉዝ የሆነች ወይም የምታጠባ እናት አስቀድማ መናገር አለባት።

ለሕክምና ወደ ታይላንድ፣ ሕንድ ወይም ሌላ አገር ለሚሄዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የማይነገር ነገር ልጨምር። ከምርመራው በኋላ ባሉት ቀናት በአውሮፕላን ማረፊያ ያለ የጨረር መቆጣጠሪያ ሊጮህባችሁ ይችላል። ከሆስፒታሉ ምርመራው የተደረገበትን ቀንና የንጥረ ነገሩን ስም የሚገልጽ ደብዳቤ ይዞ መውጣት ይጠቅማል።

የኒውክሌር ምስል አንዱን የልብ ክፍል ከሌላው ጋር ስለሚያወዳድር የራሱ የሆነ ወጥመድ አለበት። ሦስት ወንድማማቾች እኩል ቢከሱ፣ አጠገብ ለአጠገብ ሲቆሙ ማንም የከሳ አይመስልም። ሦስቱም ቧንቧዎች እኩል ሲጠቡም ምስሉ ደህና ሊመስል ይችላል፤ ከሁሉ በላይ የታመመው ሰው ያመልጣል ማለት ነው። ይህን የሚያጋልጡ ሌሎች ፍንጮች አሉ፤ የልብ መስፋት፣ ግፊት መውረድ፣ ጥቂት ሄዶ መድከም። ፔት የተባለው ካሜራ ደግሞ ፍሰቱን በየደቂቃው በሚሊሊትር ስለሚለካ ይህን ወጥመድ በብዛት ያልፈዋል። የሴቶች ጡትና የወንዶች ድያፍራም ጨረሩን ጋርደው የሌለ ጉድለት የሚያስመስሉበት ጊዜም አለ።

እንደኛ ላለ አገር የቱ ይሻላል ብባል መልሴ ኤኮ ነው። ቴክኒሺየም በ6 ሰዓት ውስጥ ግማሹ ያልቃል፤ የሚመነጭበት ሞሊብዴነምም በ66 ሰዓት። ከውጭ በአውሮፕላን እየመጣ በየጊዜው መታደስ አለበት፤ ምንዛሬ ሲያጥር ወይም በረራ ሲዘገይ ካሜራው ባዶውን ይቀመጣል። ኤኮ ማሽን ግን በትልልቅ ከተሞች ሆስፒታሎች ውስጥ አለ። የሚጎድለው መሮጫ ወይም የመድኃኒት ፓምፕ፣ የልብ ማስነሻ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በቂ ምስል አይቶ የሠለጠነ ዓይን ነው። ይህ በሥልጠና የሚገኝ ነገር ነው።

መራመድ ለማይችሉት፣ ስለ ቡናም

ጉልበቱን የሚያመው፣ በስኳር እግሩ የተጎዳ ወይም በጣም የደከመ ሰው መሮጫ ላይ መውጣት አይችልም። ለእሱ ልብን በመድኃኒት የሚፈትኑ ሁለት መንገዶች አሉ። ዶቡታሚን ልብን ያሠራዋል፤ ከትንሽ ተጀምሮ በየ3 ደቂቃው እየጨመረ ይንጠባጠባል፤ ምስሉም በየደረጃው በኤኮ ይነሣል። እነ አዴኖሲን፣ ዳይፒሪዳሞልና ሬጋዴኖሰን ደግሞ ቧንቧዎቹን ይከፍታሉ። ጤናማው ቧንቧ ተከፍቶ ፍሰቱ ሲበዛ፣ የጠበበው ግን የሚከፍተው ስለጨረሰ ባለበት ይቀራል፤ ልዩነቱ በካሜራ ወይም በኤምአርአይ ይታያል። አስም ያለበት ሰው ይህን ማስታወቅ አለበት፤ በተለይ አዴኖሲንና ዳይፒሪዳሞል የአየር ቧንቧን ሊያጠቡ ይችላሉ።

ቡና የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ካፌይን እነዚህ መድኃኒቶች የሚሠሩበትን ተቀባይ ቀድሞ ይይዘዋል፤ ቧንቧዎቹም በሚገባ አይከፈቱም። ያኔ የታመመው ከጤነኛው ሳይለይ ይቀርና ውጤቱ «ደህና ነው» ሊል ይችላል። ለዚህ ነው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቡና፣ ሻይ፣ ኮካ ኮላና ቸኮሌት የሚከለከሉት። እኛ ዘንድ ችግሩ ቡና እንደ ምግብ አለመቆጠሩ ነው። «ጾሜን ነው የመጣሁት» የምትል እናት ከማለዳው አቦልና ቶናውን ጠጥታ ሊሆን ይችላል፤ «ምግብ ቀመሱ እንዴ?» ተብላ ብትጠየቅ እውነቷን ነው «አልቀመስኩም» የምትለው። ጥያቄው «ቡና መቼ ጠጡ?» መሆን አለበት። ልጆቿም ከዋዜማው ጀምሮ ለምን እንደተከለከለ ቢያስረዷት ይቀላታል፤ ከጠጣች ደግሞ ሳትሸሽግ ተናግራ ቀጠሮ መቀየር የተሳሳተ ውጤት ይዞ ከመሄድ ይሻላል። ጫት የሚቅም ሰውም ይናገር፤ ጫት ልብ ምትንና ደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል።

መራመድ የሚችል ሰው ግን በመድኃኒት ከሚፈተን ይልቅ ቢራመድ ይመረጣል። ምን ያህል እንደተራመደ ራሱ ትልቅ መረጃ ነው። በ2002 በካሊፎርኒያ በ6,213 ወንዶች ላይ የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ አቅም በአንድ ሜት (በቁጭታ ሰውነት የሚያቃጥለው ኦክስጅን መለኪያ ነው) በጨመረ ቁጥር በሕይወት የመቆየት ዕድል በ12 በመቶ ይሻላል።

ውጤቱ የሚናገረው ለማን እንደሆነ

ምርመራ ሁሉ ይሳሳታል። ለሒሳብ እንዲመች አንድ ምርመራ ከታመሙት 80 በመቶውን «ታመዋል»፣ ከጤነኞቹም 80 በመቶውን «ደህና ናቸው» ይላል እንበል፤ የምስል ምርመራዎች ከዚህ ብዙም አይርቁም።

የደረት ሕመሙ ከእንቅስቃሴ ጋር የማይገናኝ፣ የማያጨስ፣ ስኳርና ግፊት የሌለበት የሠላሳ ዓመት ወጣት ዓይነት 100 ሰው እንውሰድ፤ ከእነሱ 5ቱ ታመዋል ብንል 4ቱ ይያዛሉ። ከ95ቱ ጤነኞች ግን 19ኙ በስህተት «ታመዋል» ይባላሉ። «ታመሃል» ከተባሉት 23 ሰዎች እውነተኛዎቹ 4 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት ለማያስፈልግ ጭንቀትና ለተጨማሪ ምርመራ ይዳረጋሉ።

አሁን ደግሞ የሚያጨስ፣ ስኳር ያለበት፣ ዳገት ሲወጣ ሁልጊዜ ደረቱን የሚያፍነው የ65 ዓመት ሰው ዓይነት 100 ሰው እንውሰድ፤ 90ው ታመዋል እንበል። 18ቱ በስህተት «ደህና ናችሁ» ይባላሉ፣ በትክክል «ደህና» የሚባሉት 8 ብቻ ናቸው። እንዲህ ላለው ሰው «ደህና» የሚል ወረቀት እፎይታ ሊሆን አይገባም። ምርመራው በጣም የሚጠቅመው መሃል ላይ ላለው ሰው ነው። ግማሽ በግማሽ በሚጠረጠሩ 100 ሰዎች ውስጥ «ታመዋል» ከተባሉት 50 ሰዎች 40ው በእውነት ታመዋል፤ «ደህና» ከተባሉት 50ም 40ው በእውነት ደህና ናቸው። ዳይመንድና ፎሬስተር የተባሉ ሁለት የሎስ አንጀለስ ሐኪሞች በ1979 ዕድሜን፣ ጾታንና የሕመሙን ዓይነት ይዘው ይህን አስቀድሞ መገመት እንደሚቻል አሳዩ፤ ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ሰውን ማሽን ላይ ከማውጣታቸው በፊት በጥንቃቄ መጠየቅ ተምረዋል። ምንም ሳያመው «ቼክ አፕ» ብሎ ስትረስ ቴስት የሚጠይቅ ሰው ከጥቅሙ ይልቅ ጉዳቱ ሊያመዝንበት የሚችለው ለዚህ ነው።

«ደህና» የሚለው ውጤትም ወሰን አለው። በአሜሪካ ታዋቂ የነበረው የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ቲም ረሰርት በሚያዝያ 2008 ስትረስ ቴስት አድርጎ አልፎ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ 13 ሥራ ቦታው ላይ በ58 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ። ምርመራው ደም የሚያስርብ ጥበትን ይፈልጋል፤ የልብ ጥቃት ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፍሰትን ብዙም ካላገደ ስብ ነው። ስቡ ድንገት ይቀደድና ደም በላዩ ላይ ይረጋል። በምስል ስትረስ ቴስት ደህና የሆነ ሰው በዓመት ውስጥ የልብ ጥቃት የመድረስ ወይም የመሞት ዕድሉ በአብዛኛው ከ1 በመቶ በታች ነው፤ ዜሮ ግን አይደለም። ስለዚህ ግፊቱን፣ ስኳሩን፣ ኮሌስትሮሉን መቆጣጠርና ማጨስ ማቆም ከወረቀቱ ጋር አይቀሩም።

ቧንቧውን ራሱን፣ ገና ያላጠበበውን ስብ ጭምር፣ የሚያሳየው ሲቲ ስካን ነው። ስኮትላንድ ውስጥ በ4,146 ሰዎች ላይ የተደረገው ስኮት ሃርት የተባለ ጥናት፣ ሲቲ የተጨመረላቸው ሰዎች በ5 ዓመት ውስጥ በልብ ጥቃት የመያዝ ወይም በልብ ደም ቧንቧ ሕመም የመሞት ዕድላቸው ከ3.9 በመቶ ወደ 2.3 በመቶ እንደወረደ በ2018 አሳይቷል። ምክንያቱ በአብዛኛው ስቡ ታይቶ መከላከያ መድኃኒት ስለተጀመረላቸው እንደሆነ ይታሰባል። ዛሬ ሲቲ ባለበት አገር ብዙ ሐኪሞች ለአንዳንድ ሰው ሲቲን ያስቀድማሉ፤ የታየው ጥበት ደም ያስርብ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ወደ ስትረስ ምስል ይመለሳሉ።

ቢገኝብዎትስ?

«ደም የሚያጥረው ክፍል ተገኘ» ሲባል ብዙ ቤተሰብ ወዲያው ገንዘብ ማሰባሰብና ለስቴንት (የጠበበ ቧንቧን ከፍቶ ለሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) ወደ ውጭ መሄድ ያስባል። እዚህ ላይ ትንሽ መርጋት ያስፈልጋል። ኢስኪሚያ የተባለው ጥናት በ37 አገሮች መካከለኛና ከባድ የደም ማጠር ያለባቸውን 5,179 ሰዎች ወስዶ፣ ከፊሉን ቶሎ በአንጂዮግራፊ (የልብ ቧንቧዎችን በኤክስሬይ በሚያሳይ ምርመራ) አይቶ በስቴንት ወይም በቀዶ ሕክምና አከማቸው፣ ከፊሉን ደግሞ በቅድሚያ በመድኃኒት። በአማካይ ከሦስት ዓመት በላይ ሲከታተላቸው በሞትና በልብ ጥቃት ረገድ ጉልህ ልዩነት አልታየም፤ በ2020 ታተመ። የደረት ሕመሙ የሚደጋገምባቸው ሰዎች ግን በስቴንቱ በኩል ኑሯቸው ይበልጥ ተሻሽሏል። ዋናው የግራ ቧንቧ የጠበበባቸውና የልብ ጉልበታቸው ክፉኛ የወረደ ሰዎች በዚህ ጥናት ውስጥ አልገቡም፤ የእነሱ መንገድ ሌላ ነው፤ መዘግየትም የለባቸውም። ለሌላው ሰው አስፕሪን፣ ኮሌስትሮል የሚቀንሰው ስታቲንና የደረት ሕመም ማስታገሻ በአግባቡ ተወስደው ሐኪሙ የሚከታተለው ከሆነ፣ ቤት ከመሸጥ በፊት ለመነጋገር በቂ ጊዜ አለ።

ስለዚህ ወረቀቱን ይዘው ከመውጣትዎ በፊት ጥቂት ነገር ይጠይቁ። ስንት ደቂቃ ሄድኩ? የልብ ምቴ ከሚፈለገው ደረሰ? የተገኘው በየትኛው ግድግዳ ላይ ነው፣ ምን ያህል ሰፊ ነው? ምስሉንም ከወረቀቱ ጋር በሲዲ ወይም በፍላሽ ይጠይቁ፤ ዛሬ አዲስ አበባ የተነሣ ምስል ነገ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሐኪም ጎን ለጎን አድርጎ ሊያየው ይችላል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሁለተኛ ምርመራ ቢያስፈልግም ጥበቱ መባሱን ወይም ባለበት መቆየቱን የሚያሳየው ያ ምስል ነው።